ባሕር ዳር ወይስ ደጀን? ለበዓል ሰሞን ጉዞ

በዓል በተቃረበ ቁጥር አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ እየደወሉ ያንኑ ይጠይቁኛል፦ «ሦስት ቀን ዕረፍት አለን፤ ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ ሌላ ቦታ አለ?» ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ የምሰጠው መልስ አንድ ነው። ግርግር ካልፈለጋችሁ ደጀን እደሩና የዓባይን በረሃ እዩ።

ለዚህ ምክር ብዙ ከፍዬበታለሁ። አምና በጥምቀት ማግሥት ቤተሰቤን ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። በስልክ 900 ብር የተባልኩት አልጋ በር ላይ ስደርስ 2,200 ሆነ፤ አማራጭ አልነበረኝምና ከፈልኩ። ወደ ዘጌ ገዳማት የሚወስደንን ጀልባ ለብቻችን ብለን በ3,500 ብር ብንይዝም ሌላ ስምንት ሰው ጫኑብን፤ ሐይቁ መሃል ደግሞ ሞተሩ ጠፋ። ባለ ጀልባው ካንዴላ ፈትቶ እስኪጠርግ ልጆቼ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ጢስ ዓባይም በጥር ቀጭን ነው፤ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። ፏፏቴውን በሙላቱ ማየት የሚፈልግ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይሂድ።

ደጀን ከአዲስ አበባ ሲነሡ የባሕር ዳርን መንገድ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ የመጓጓዣውም ዋጋ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሾፌሮች ማደሪያ በመሆኗ በሄድኩባቸው ሦስት በዓላት አልጋ ከ500 ብር አልፎብኝ አያውቅም። ክፍሎቹ ቀላል ናቸው። ከተማዋ ደጋ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ጨምረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ጠዋት ቁልቁል ስትወርዱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፤ ገደሉ ገጽ በገጽ ተከፍቶ ይታያል። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮ ይሰለፋል፣ ካፖርት ለብሶ የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ሸሚዙን ይፈታል። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይና አሮጌውን ጎን ለጎን ታያላችሁ፤ ጥበቃዎቹ ሳይፈቅዱ ግን ካሜራ አታውጡ።

በራሳችሁ መኪና የምትወርዱ ከሆነ ስለ ፍሬን አደራ እላለሁ። አንድ ጊዜ የኦሪጅናሉ የፍሬን ሸራ ዋጋ 6,000 ብር ሲባል ደንግጬ አስመስሎ የተሠራውን በ1,800 ገዛሁ። ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሸራው ጨሰ፤ ድንጋይ ጎማ ሥር አስገብተን ሁለት ሰዓት ቆምን። ለሜካኒክ፣ ለመጎተቻና ለአዲስ ሸራ 11,000 ብር ወጣብኝ። ከዚያ ወዲህ ኦሪጅናል ብቻ ነው የማስገጥመው፤ የምወርደውም በከባድ ማርሽ ነው፣ ፍሬን ላይ አልተኛም።

እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ገዳማቱን ለማሳለም ከሆነ ባሕር ዳር ሂዱ፤ ደጀን እሱን አይተካም። ቀኑን ግን ከበዓል አርቁት፣ የጀልባውንም ዋጋ ከነሰው ብዛቱ በጽሑፍ ያዙ። ወደ በረሃው የምትወርዱ ደግሞ ማታውኑ የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮች ጠይቁ፤ ውኃችሁን ከደጀን ሙሉ፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሡና ፀሐይዋ ሳትበረታ ዳገቱን ጨርሱ።