ዜኒት ኢ ወይስ ፔንታክስ ኬ1000? የቱን ልግዛ ለምትሉኝ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት የደሴ ልጆች ደውለውልኛል። ሦስቱም በጥቁርና ነጭ ፊልም መልክዓ ምድር ማንሳት ይፈልጋሉ። ሦስቱም ዜኒት ኢ የተባለውን የፊልም ካሜራ በርካሽ አግኝተዋል። መልሴ አንድ ነው፦ ትንሽ ታገሱና ፔንታክስ ኬ1000 ግዙ።

እኔም በዜኒት ነው የጀመርኩት። በ4,000 ብር ገዛሁት። ያኔ ኬ1000 የተጠራልኝ 11,000 ብር ስለነበር 7,000 ብር ያተረፍኩ መሰለኝ። የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ ሲታተም በጦሳ ተራራ ሰማይ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ተበትኗል። ለካስ የሹተሩ፣ ማለትም ወደ ፊልሙ የሚገባውን ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል፣ የጨርቅ መጋረጃ ተበሳስቶ ኖሯል። ማስጠገኛ 2,500 ብር ከፈልኩ። መጋረጃው በማይሆን ጨርቅ ተቀየረና በሦስተኛው ፊልም ላይ ተጣብቆ ቀረ። የተበላሹትን ፊልሞች ስትደምሩበት ትርፌ የት እንደገባ ታዩታላችሁ።

የዜኒት ሌንስ፣ ሄሊዮስ፣ ጥሩ ነው። አልክድም። ችግሩ ሹተሩ በራሱ ከ1/30 ሰከንድ በላይ ክፍት አይቆይም። ከዚያ በኋላ ያለው "ቢ" ነው፤ በጣት ተጭኖ መቁጠር። ሩብ ሰከንድን ማን ይቆጥራል? ኬ1000 ግን እስከ ሙሉ 1 ሰከንድ ይሄዳል። ሐይቅ ዳር፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ካሜራውን ማቆሚያ ላይ አድርጌ በ1 ሰከንድ ያነሳሁት ቀን ውሃው እንደ ወተት ረጋ፤ ቄጠማው ጠቁሮ ቆመ። የራሴ የምለው አነሳስ የተጀመረው ያን ጠዋት ነው። ዛሬም ያንኑ ካሜራ፣ ያንኑ 50 ሚሊሜትር ሌንስና ያንኑ የብርሃን ትብነቱ 400 (ISO) የሆነ ፊልም ይዤ ነው የምወጣው። ሌንሱ ላይ ቀይ ማጣሪያ ስጨምር ብርሃኑ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ ዘገምተኛው ሹተር ይበልጥ ያስፈልገኛል።

ስትገዙ ሌንሱን አውልቁ፣ የኋላ ክዳኑን ክፈቱ፣ መጋረጃውን በፀሐይ አንጻር እዩ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካያችሁ ለሻጩ መልሱለት። 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ተኩሱና ሙሉ ሰከንድ መቆየቱን በድምፁ ስሙ። "አሳሂ" (የሠሪው ኩባንያ ስም) የሚል ጽሑፍ ያለውን ፈልጉ፤ በመጨረሻ ቻይና የተገጣጠሙት የላይ ክዳናቸው ፕላስቲክ ስለሆነ እኩል ዋጋ አትክፈሉ። ብርሃን እንዳይገባ የሚከላከለው የኋላ ክዳኑ ስፖንጅ ቀልጦ ቢያጣብቅ አትደንግጡ። እኔ ጠርጌ ጥቁር የሱፍ ክር አስገባሁበት፤ 40 ብር አልፈጀም። ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ቢያልቅም ካሜራው ያነሳል። መለኪያው ማጥፊያ ስለሌለውና ብርሃን ካገኘ ባትሪ ስለሚጨርስ ግን ሳታነሱ ስትቀሩ ሁልጊዜ የሌንሱን ክዳን ግጠሙ።