ስሚዝ ወይስ ገብረ ሕይወት? የኢኮኖሚ አስተሳሰብን ታሪክ ከማን ልጀምር ለምትሉ

ሐዋሳ ላይ ኢኮኖሚክስ የጀመሩ ልጆች የሚጠይቁት ነው።

ድካሙ፦ የስኮትላንዳዊው የኢኮኖሚ አሳቢ የአዳም ስሚዝ መጽሐፍ፣ «የአገሮች ሀብት» (እ.ኤ.አ. 1776)፣ ወፍራም ነው። የኛው የኢኮኖሚ አሳቢ የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» (1916 ዓ.ም.) ቀጭን ነው፤ አማርኛው ግን የዛሬው አይደለም።

ሐሳቡ፦ ስሚዝ፣ አሥር ሰው ሥራ ተከፋፍሎ በቀን 48,000 ስፒል ይሠራል ይላል። ኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ አንዷ ኮሌታ፣ ሌላዋ እጅጌ ብቻ ስትሰፋ ያየ ቶሎ ይገባዋል። ገብረ ሕይወት ደግሞ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ተጎጂ ነው ባይ ነው። የሲዳማን ቡና በጥሬው ለምንሸኝ ለእኛ ይሄ ቆንጠጥ ያደርጋል።

ስጋቱ፦ ስሚዝን በወሬ የያዘ «ገበያ ሁሉን ያስተካክላል» ብሎ ይቀራል (ሰውዬው እንኳ እንዲያ አላለም!)።

ፈተና የደረሰበት ስሚዝን ያስቀድም። ስለ አገራችን ንግድ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚያስብ ገብረ ሕይወት ይሻላል።