የሚሞሪ ካርድ ሞጁል፦ ሬጉሌተር ያለው ወይስ የሌለው?

ፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብታችሁ የሚሞሪ ካርድ ሞጁል (ካርዱን ከአርዱዪኖና ከመሳሰሉት ቦርዶች ጋር የሚያገናኝ) ስትጠይቁ ሁለት ዓይነት ሊቀርብላችሁ ይችላል። አንዱ ሰፋ ያለ ነው፣ ጥቁር ሬጉሌተር (ቮልት የሚያወርድ ቺፕ) ተበይዶበታል። ሌላው ትንሽ ነው፣ ከካርዱ መሰኪያና ከጥቃቅን ሬዚስተሮች በቀር ምንም የለውም። ባለሱቁ «ያው ናቸው» ቢላችሁ አትስሙት።

ካርዱ የሚፈልገው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ነው። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

አርዱዪኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ካላችሁ ሰፊውን ውሰዱ። ኡኖ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ሬጉሌተሩ ወደ 3.3 ያወርደዋል፣ አጠገቡ ያለው ቺፕ ደግሞ የዳታ መስመሮቹን ያስተካክላል። ትንሹን በ5 ቮልት ካገናኛችሁት ካርዱ ሊቃጠል ይችላል። የኡኖ 3.3 ፒን አለ ብላችሁም አትመኑ፤ የሚሰጠው 50 ሚሊአምፔር ነው፣ ካርድ ግን ሲጽፍ ከ100 በላይ ሊስብ ይችላል።

ቦርዱ በ3.3 ቮልት የሚሠራው ኢኤስፒ32 ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እኔ ሳላውቅ ሰፊውን ገዝቼ 3.3 ቮልት ሰጠሁት። «ካርድ አልተገኘም» ይለኛል። ካርድ ቀየርኩ፣ ላይብረሪ ቀየርኩ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያናግረውን ፕሮግራም) ስበረብር ዋልኩ። በመጨረሻ ቴስተር አወጣሁና የሬጉሌተሩን መውጫ ለካሁ፦ 2.2 ቮልት! ሬጉሌተሩ ኤኤምኤስ1117 ነው፣ እሱ ለራሱ 1 ቮልት ገደማ ያስቀራል፤ 3.3 ከሰጣችሁት ለካርዱ የሚተርፈው አይበቃም። ድራይቨሩ ምን ያድርግ? የሚታየው መልስ ያልሰጠ ካርድ እንጂ የጎደለ ቮልት አይደለም። ሰፊውን ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ ይህን የምታነቡት፣ ከቦርዱ 5 ቮልት ፒን ስጡት፣ ይሠራል።

ግን ሌላም ችግር አለው። ብዙዎቹ ሰፋፊ ሞጁሎች ተራቸው ባልሆነም ጊዜ የሚሶን መስመር (ለቦርዱ መልስ የሚላክበትን) አይለቁም፣ ስለዚህ በዚያው ኤስፒአይ (የጋራ የዳታ መስመሮች) ላይ ሴንሰር ካለ ይጋጫሉ። ለኢኤስፒ32 ትንሹን ግዙ፣ በ3.3 አገናኙ፣ አለቀ።

ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ያላችሁ፣ የራሱ የካርድ መሰኪያ ስላለው ሞጁል አያስፈልጋችሁም፣ ካርድ ስትመርጡ ግን ይኼው የቮልት ነገር ይመጣል። ፓይ 4 ላይ የሊኑክስ ድራይቨር የቦርዱን ሬጉሌተር አዝዞ የዳታ መስመሮቹን ወደ 1.8 ቮልት ያወርዳል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ እስከ 50 ሜጋባይት ይደርሳል። ፓይ 3 ከ3.3 አይወርድም፣ ፍጥነቱም በ25 ሜጋባይት አካባቢ ይቆማል። ለእሱ ውድና ፈጣን ካርድ አትግዙ፣ በብሩ ጥሩ ቻርጀር ግዙበት።

ሱቅ ውስጥ ከተምታታባችሁ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ጥቁሩን ሬጉሌተር አንብቡ። 1117 የሚል ካያችሁ 5 ቮልት ይፈልጋል።