«ፊውዝ ብቻ ነው የሄደበት» የተባለ ሚክሰር ሊሸጥላችሁ ከሆነ ይህን አንብቡ

ወገን፣ ለሰርግ ሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለትንሽ ስቱዲዮ ያገለገለ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ፍለጋ ላይ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ የማይበራ ሚክሰር በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ሰው በዝቷል። የሁሉም ወሬ ደግሞ አንድ ነው። «ከአሜሪካ የመጣ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ፊውዝ ብቻ ነው የሄደበት፣ ለባለሙያ ብትሰጠው በአምስት ደቂቃ ይነሳል»።

ፊውዝ ከማኪያቶ ዋጋ የማይበልጥ ነገር ነው። ታዲያ ሰውየው ራሱ ቀይሮ፣ አብርቶ በሙሉ ዋጋ መሸጥ ሲችል ግማሹን ለእናንተ የሚተወው ስለሚወዳችሁ ነው? ቀይሮታል። ወዲያው ተቃጠለበት። ማስታወቂያውን ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በቅርቡ የሰፈራችን ልጆች እንዲህ ያለ ሚክሰር በዕቁብ ብር ገዝተው እንድመለከትላቸው አመጡልኝ። ሻጩ ሱቅ ያለው ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም። ከኋላው የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱን ስልጠው ከሥሩ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የፊውዙን ቤት ስከፍት ደግሞ ፊውዙ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል! ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ጠቁሮ፣ ቫርኒሹ ቀልጦ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ይህ ጥገና አይባልም፣ እሳት ማስነሻ ነው። ፊውዝ የሚቆረጠው ሌላው ዕቃ እንዳይነድ ነው፣ እሱን በወረቀት ከዘጋችሁት የሚነደው ትራንስፎርመሩ ነው፣ ከዚያም ቤቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ዛሬ የሚሠሩ ብዙ ሚክሰሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን መብራት ለዕቃው የሚያመቻች ክፍል) ስላላቸው የትም ቢሰኩ ግድ የላቸውም። ከኋላቸው «100–240» የሚል ታገኛላችሁ። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጥሩ ጥሩ ዕቃ ይመጣል። ችግሩ 120 ብቻ የሚለው ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ሳያይ በቀጥታ 220 ላይ ይሰካዋል። ባለ ትራንስፎርመሩ ከሆነ የትራንስፎርመሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል፣ ወይም ጥቅሉ ውስጥ የተቀበረው የሙቀት ፊውዝ ይቆረጣል፣ እሱን ደግሞ ከውጭ አታገኙትም። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ (በከባድ ትራንስፎርመር ፋንታ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው) ያለው ከሆነ በ120 ጊዜ 170 ቮልት ገደማ ይሸከም የነበረው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው) በአንዴ 310 ይመጣበታል። ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ዳዮዶቹንም ይዞ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ዕድለኛ ሰው አለ፣ መግቢያው ላይ ያለችው ቫሪስተር (ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ የምትከላከል ክፍል) ብቻ ሞታ ሌላው ይተርፋል። ግን በዚህ ዕድል ላይ የዕቁብ ብር አይጣልም።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ገመድ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ያው የኮምፒውተር ገመዱ ነው። «ገመዱ ነው፣ ሶኬቱ ነው» የሚል ወሬ እንዳይመጣ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ከዚያ አፍንጫችሁን ወደ ማናፈሻው አስጠጉ፣ የተቃጠለ ሽታ ቶሎ አይለቅም። የብሎኖቹን ጭንቅላት እዩ፣ ከተፋቁ ተከፍቷል ማለት ነው። ገመዱን ነቅላችሁ ፊውዙን አውጡት። መስታወቱ ጥርት ብሎ ውስጡ ያለችው ክር ብቻ ከተቆረጠች ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። መስታወቱ ከጠቆረ ወይም እንደ መልክ ማያ መስታወት ካብለጨለጨ ግን ውስጡ ሾርት አለ፣ ውጡና ሂዱ። በፊውዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ከሚክሰሩ ጀርባ ካለው ጋር አስተያዩ። ጀርባው 1 አምፔር እያለ ውስጡ 10 አምፔር ካገኛችሁ አንድ ሰው እዚያ ተጫውቷል።

ቴስተር ካላችሁ ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ፣ የሚክሰሩን ማብሪያ ኦን ላይ አድርጋችሁ፣ በመግቢያው ሁለት እግሮች መሃል ኦም ለኩ። ባለ ትራንስፎርመር ከሆነና ፊውዙ ደህና ሆኖ ምንም ካልተነበበ ጥቅሉ ወይም ውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ተቆርጧል። በስዊቺንጉ ላይ ግን ይህ ልኬት አያሳምንም።

ቢበራም ገና ነው። የፓወር መብራቷ መብራት ብቻዋን ምንም አታስረዳም፣ ውስጥ ካሉት በርካታ ቮልቴጆች አንዱ ብቻ ሊያበራት ይችላል። ማይክ ሰኩ፣ በሄድፎን አዳምጡ፣ ፋንተሙን (ሚክሰሩ ለኮንደንሰር ማይክ የሚልከውን ኃይል) አብርታችሁ ኮንደንሰር ማይክ ሞክሩበት። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንደበራ ይቆይ። ሻጩ «እቸኩላለሁ» ካለ፣ ሲሞቅ የሚጠፋ መሆኑን ያውቃል ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም።

«አዳፕተር የለውም እንጂ ይሠራል» የሚሉትም አሉ። ለምሳሌ ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ ፒኤ-10 የሚባል የራሱ አዳፕተር አለው። የሚያወጣው እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ዲሲ ሳይሆን ኤሲ ነው፣ መሰኪያውም ሦስት እግር አለው። መንገድ ላይ ከተገኘ ቻርጀር ጋር አይጋጠምም፣ ቆራርጦ ለማገናኘት የሚሞክርም ዕቃውን ይገድለዋል። ትልልቆቹ ጋ ደግሞ የባሰ አለ። እንደ ያማሃ ፒኤም5ዲ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ሌላ ሣጥን ነው፣ ያለ ፒደብሊው800 ደብሊው አይነሳም። «ፓወር ሰፕላዩ ሌላ መጋዘን ነው፣ ነገ ይመጣል» ከተባላችሁ ብሩም ነገ ይምጣ።

ደረሰኝ ጠይቁ፣ እሱም ላይ የሞዴሉ ስም፣ መለያ ቁጥሩና «እየሠራ የተሸጠ» የሚል ይጻፍበት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማኅተም ሁሉን የሚዘጋ መስሏቸው ሻጮች ይመቱበታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያለ ደረሰኝ ግን ክርክሩ የቃል ነው፣ ደላላው ደግሞ ስልኩን አያነሳም።

አንዴ ገዝታችሁ ያልበራላችሁ ደግሞ ፊውዝ እየቀያየራችሁ አትፈትኑት፣ ትልቅ ፊውዝም አትክተቱበት። ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡትና መብራቱ መጀመሪያ በአምፖል አልፎ ወደ ሚክሰሩ እንዲገባ (በሲሪየስ) አምፖል አስገብቶ እንዲያበራው ንገሩት፣ የድሮውን ባለ ክር 100 ዋት አምፖል፣ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ተስፋ አለ። ቦግ እንዳለ ከቀረ ሾርቱ ውስጥ ነው። ራሳችሁ ለመክፈት ካሰባችሁ ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 300 ቮልት ይዞ ሊቆይ እንደሚችል እወቁ። ትራንስፎርመር ሪዋይንድ የሚያደርጉ (ሽቦውን እንደገና የሚጠቀልሉ) ሰዎች አሉ፣ መርካቶ አካባቢ ጠይቁ፣ ግን ከመስጠታችሁ በፊት የሚጠይቁትን ብር ከገዛችሁበት ጋር ደምራችሁ ከአዲሱ ዋጋ ጋር አስተያዩት። የልጆቹ ሂሳብ ከአዲሱ በልጦ ስለተገኘ ሚክሰሩ አሁን ለፌደሩ (ወደ ላይና ወደ ታች ለሚንሸራተተው የድምፅ መቆጣጠሪያ) እና ለቁልፎቹ እየተፈታ ነው።