ጫካ ውስጥ ላለ ስቴት ፓርክ፦ ሞተርሆም ወይስ ተሳቢ ካምፐር?

ሰመር ሲቃረብ ከዲሲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ቤተሰቦች የሚመጣው ጥያቄ አይለወጥም፦ «ልጆቹን ይዘን ጫካ ውስጥ ሦስት ሌሊት ለማደር አስበናል፤ ሞተርሆም መከራየት ስንት ያስወጣል?» ዋጋውን ከታች ዘርዝሬዋለሁ። ምክሩ ግን ከዋጋው ይቀድማል። የራሳችሁ መኪና ካላችሁና የምትሄዱት ወደ አንድ ፓርክ ብቻ ከሆነ ሞተርሆሙን፣ ማለትም የራሱ ሞተርና መሪ ያለውን ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ተዉት። ፓርኩ አካባቢ ከሚኖር ባለንብረት በሌላ መኪና የሚጎተተውን ተሳቢ ካምፐር ተከራዩ። ባለቤቱ ራሱ ጎትቶ ያምጣው፣ ቦታው ላይ ያስተካክለው፣ መብራቱንና ውሃውን ያገናኝላችሁ። እናንተ በቤት መኪናችሁ ሄዳችሁ በሩን ከፍታችሁ ትገባላችሁ።

ሂሳቡን ለዳውታት ስቴት ፓርክ እንሥራው። ዳውታት በቨርጂኒያ ተራሮች መሃል፣ ክሊፍተን ፎርጅ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። በ1936 ከተከፈቱት የግዛቱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ 50 ኤከር ሐይቅ አለው፤ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ከዲሲ በ66፣ በ81 ከዚያም በ64 አውራ ጎዳና ተሂዶ 220 ማይል ያህል ይርቃል፤ ደርሶ መልስ 440።

ሞተርሆሙን በሌሊት 200 ዶላር አገኛችሁት እንበል። ለሦስት ሌሊት 600 ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የሚታየውም ይህ ብቻ ነው። በሌሊት 100 ማይል ነፃ ከተሰጣችሁ 300 ማይሉ ይሸፈናል፤ የቀረው 140 ማይል በ45 ሳንቲም ሲታሰብ 63 ዶላር ይሆናል። ክላስ ሲ የሚባለው፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ዓይነት፣ በአንድ ጋሎን 8 ማይል ገደማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 55 ጋሎን ይፈጃል፤ ጋሎኑ በ3.30 ቢሆን 181 ዶላር። ኢንሹራንስ በቀን 35 ሲሆን 105፣ ማጽጃና ማዘጋጃ 125፣ የአከራይ ድረ ገጹ ክፍያና ታክስ የኪራዩን 15 በመቶ ቢሆን 90። ድምሩ 1,164 ዶላር ነው።

አሁን ተሳቢውን እንይ። በሌሊት 110 ሲሆን ለሦስት ሌሊት 330። ማድረሻና መትከያ 150፣ ማጽጃ 75፣ ፍሳሹን ባለቤቱ እንዲያስወግድ 50፣ ኢንሹራንስ በቀን 20 ሲሆን 60፣ የድረ ገጹ ክፍያና ታክስ 50። በአንድ ጋሎን 25 ማይል በሚሄድ የቤት መኪና ነዳጁ 58። ድምሩ 773 ዶላር። የ391 ዶላር ልዩነት አለ። የፓርኩ የቦታ ኪራይ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ አላስገባሁትም። የዋጋው መነሻ በሳምንቱና በባለንብረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የወጪዎቹ ዓይነት ግን ያው ነው፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ደምሩት።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ግን ተሳቢው ፓርኩ አጠገብ ሲገኝ ነው። ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው በራሱ ሰፈር ስለሆነ ፌርፋክስ ወይም ሮክቪል ያለ ካምፐር ይመርጣል። ማድረሻ በማይል ስለሚታሰብ 220 ማይል የሚጎተት ካምፐር ማድረሻው ብቻ ከኪራዩ ይበልጣል። አውትዶርሲም ሆነ አርቪሼር በሚባሉት የኪራይ ድረ ገጾች ላይ ስትፈልጉ የምታስገቡት ከተማ የፓርኩ ጎረቤት ይሁን። ለዳውታት ሌክሲንግተን፣ ኮቪንግተን፣ ሮአኖክ ወይም ስታንተን፤ ቤንተንቪል ላለው ሸናንዶዋ ሪቨር ስቴት ፓርክ ደግሞ ፍሮንት ሮያል፣ ሉሬይ ወይም ዊንቸስተር።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው ጉዳዩ ጫካ መሆኑ ነው። 28 እና 30 ጫማ የሚረዝም ሞተርሆም ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ረጅም አካል አለው። መሪውን ወደ ግራ ስትጠመዝዙ የኋላው ጥግ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ በጠባብ የካምፕ መንገድ ላይ ያ ጥግ የሚያገኘው ዛፍ ነው፣ ካልሆነም የመብራት ሳጥኑን። ከላይ ደግሞ ቅርንጫፍ አለ። ቁመቱ 11 እና 12 ጫማ ሲሆን ጣሪያው ብዙ ጊዜ የተሸፈነው በስስ ላስቲክ ነው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ ይቀደዋል። በቀደደው በኩል የገባው ውሃ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሳል። ለኪራይ የሚሸጠው ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጣሪያን፣ ከመኪናው ሥር ያለውን አካልና ውጭ የሚዘረጋውን የጥላ ሸራ ጉዳት አይሸፍንም፤ ከመፈረማችሁ በፊት እሷን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ባለቤቱ ራሱ አምጥቶ ሲያቆመው ግን ዛፉ ቢነካው ጉዳቱ የእሱ ነው።

የሞተር ብልሽትም እንዲሁ ነው። ሞተርሆም 81 ላይ ቢቆም የቆመው ቤታችሁም ጭምር ነው፤ የሚጎትተው ከባድ ተሽከርካሪ እስኪመጣ ልጆቹን ይዛችሁ መንገድ ዳር ትጠብቃላችሁ። የተሳቢው ፍሪጅ ቢበላሽ ባለቤቱ 30 ማይል ነድቶ ይመጣል። ካምፕ ከደረሳችሁ በኋላም ወተት ቢያልቅ ሞተርሆሙን ከመብራት፣ ከውሃና ከክሪኩ ነቅላችሁ ነው ክሊፍተን ፎርጅ የምትወርዱት።

«ተሳቢውን ራሴ ብጎትተውስ?» ለአብዛኛው አይሆንም። ቶዮታ ሲዬና የተፈቀደላት 3,500 ፓውንድ፣ እስከ 2025 ሞዴል ያለችው ራቭ-4 ሃይብሪድ 1,750 ፓውንድ ብቻ ነው። ለቤተሰብ የሚሆን ካምፐር ዕቃና ውሃ ሲጫንበት ከ4,000 እስከ 6,000 ይደርሳል። ባለስድስት ሲሊንደሩ ሃይላንደር 5,000 ይጎትታል ቢባልም የቤተሰቡም ክብደት አለ፤ የፍሬን መቆጣጠሪያም ያስፈልጋል። ከሸናንዶዋ ተራራ ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን የሚቃጠለው እንዲህ ባለው ጭነት ነው።

አሁን ወደ መብራት፤ የኛ ሰው በብዛት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ተሳቢዎች 30 አምፔር ናቸው። ኤሲው ሲሠራ 13 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ 12። 1,500 ዋት ምጣድ ሲሰካ 12.5። ድምሩ ከ37 ስለሚያልፍ ብሬከሩ ይወድቃል። ብሬከሩን እየመለሱ መሞከር ሶኬቱን ያቀልጠዋል። እንጀራውን ቤት ጋግራችሁ ውሰዱ። ግድ ምጣድ ይሁን ካላችሁ፣ ፓርኩ የተከለው የመብራት ሳጥን ላይ ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ 20 አምፔር ሶኬት አለ። ባለ 12 ጌጅ ወፍራም ማራዘሚያ ገዝታችሁ ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ ከዚያ ሰኩት፤ የካምፐሩን ብሬከር አይነካም።

ቡናም የሚቆላው ውጭ ነው። ውስጥ ከተቆላ የጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ ሽታው መጋረጃና ፍራሽ ውስጥ ይቀራል፤ ባለቤቱም ከዲፖዚቱ ላይ የሽታ ማጽጃ ይቆርጣል። ከሰል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለጀበናም ሆነ ለዕጣን የተያያዘ ከሰል ካምፐር ውስጥ በፍጹም አይገባም። ቤቱ ጠባብና ዝግ ስለሆነ የከሰሉ ጋዝ በእንቅልፍ ይገድላል።

ተመሳስለው ከተሠሩ ርካሽ ዕቃዎችም ተጠንቀቁ። የመብራት መከላከያ ሲባል በ30 እና በ40 ዶላር የሚሸጠው አብዛኛው ሦስት ትናንሽ መብራት ያለው መፈተሻ ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ ሲዛባ አይቆርጥም። ትክክለኛው ከ104 ቮልት በታች ወይም ከ132 በላይ ሲሆን ኃይሉን ራሱ ያቋርጣል፤ ዋጋውም ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። በሞቃት ከሰዓት ሁሉም ኤሲ ሲከፍት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የኤሲ ሞተር የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ባለቤቱ እውነተኛውን ካምፐሩ ላይ መግጠሙን ጠይቁ። የካምፐሩን 30 አምፔር መሰኪያ ወደ ቤት ሶኬት የሚቀይረው ርካሽ አጭር ገመድም እንዲሁ ነው፤ ዩኤል የሚባለው የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት ቢታተምበትም ውስጡ ያለው ሽቦ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ኤሲ ሲከፈትበት ጫፉ ይቀልጣል።

ለውሃ የአትክልት ጎማ አትጠቀሙ፤ ለመጠጥ የተሠራው ነጩ ቱቦ ነው የሚፈለገው። የፓርክ ውሃ ግፊት አንዳንዴ ከፍ ስለሚል ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ የሚያወርድ የነሐስ መቆጣጠሪያ ከቧንቧው ጋር መጀመሪያ ይገጠማል፣ ቱቦው ከእሱ ቀጥሎ። ማሞቂያውን በኤሌክትሪክ ከማብራታችሁ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱና አየሩ አልቆ ውሃ ሲወርድ እዩ። ታንኩ ባዶ እያለ ከበራ የማሞቂያው ክር በደቂቃዎች ይቃጠላል። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ ከእናንተ የሚቆረጠው ግን የባለሙያውም ዋጋ ነው።

በስቴት ፓርኮች ብዙ ጊዜ በየቦታው የፍሳሽ መስመር የለም፤ መውጫው አጠገብ የጋራ ማስወገጃ ነው ያለው። ሞተርሆም የተከራየ ሰው እሑድ ቀትር ላይ ሰልፍ ይዞ ይህን ራሱ ይሠራል። ጓንት ይደረጋል፣ ቱቦው ጠብቆ ይገጠማል፣ የሽንት ቤቱ ታንክ ቀድሞ ይለቀቃል፣ ከዚያ የእቃ ማጠቢያውና የሻወሩ ውሃ ቱቦውን አጥቦት እንዲወርድ ይከፈታል። ቀጭኑ ርካሽ ቱቦ ሲታጠፍ ይበሳል፤ የሚፈሰው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በተሳቢው 50 ዶላር ከፍላችሁ ከዚህ ትድናላችሁ። በሁለቱም ግን ከሽንት ቤት ወረቀት በቀር ምንም አይጣል፤ እርጥብ መጥረጊያ «ይሟሟል» ተብሎ ቢጻፍበትም ታንኩን ይደፍናል።

ተሳቢው ሲደርሳችሁ ባለቤቱ ሳይሄድ ስልካችሁን አውጥታችሁ ሁሉንም በቪዲዮ ቅረጹ። የጣሪያውን ጥጎች እዩ፤ ቡናማ ዕድፍ ካለ ያፈሳል። በሩ አጠገብና ሻወሩ ፊት ወለሉን በእግር ጫኑት፤ ከሰመጠ በስብሷል። ፍሪጁ በጋዝም በመብራትም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ለመቀዝቀዝ እስከ 24 ሰዓት ይወስዳል፤ ከዋዜማው ጀምሮ እንዲያበራው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሥጋውንም አስቀዝቅዛችሁ እንደ በረዶ አምጡት። የጋዙ ሲሊንደር መሙላቱን አረጋግጡ። ድቦች በአካባቢው ስላሉ ማታ ምግብ ጠረጴዛ ላይ አይተው።

ሞተርሆም የሚያዋጣው መቼ ነው? በየሌሊቱ ቦታ እየቀያየራችሁ ሦስት አራት ፓርክ የምታዳርሱ ከሆነ፣ ወይም የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ። ያኔም ከ25 ጫማ ያልበለጠውን ምረጡ። በሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ውስጥ በሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ ለመሄድ ካሰባችሁ የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፤ ኤሲውን ጨምራችሁ ለኩ። ከባልቲሞር በስተሰሜን የምትከራዩ ደግሞ ትልቅ የፕሮፔን (የማብሰያ ጋዝ) ታንክ የያዘ መኪና በሃርበር ተነልም ሆነ በፎርት ማክሄንሪ ተነል ማለፍ እንደማይፈቀድለት እወቁ፤ የባልቲሞር ኪ ድልድይ በመጋቢት 2024 ከወደቀ ወዲህ መዞሪያው ከተማዋን በሚዞረው አውራ ጎዳና 695 ምዕራባዊ በኩል ነው።

ቅደም ተከተሉም አይገልበጥ። መጀመሪያ የፓርኩን ቦታ ያዙ፤ በቨርጂኒያ እስከ 11 ወር አስቀድሞ ይያዛል፤ ቅጠሉ የሚቀላበት የጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ቀድሞ ያልቃል። ቦታው መብራትና ውሃ ያለው መሆኑን፣ ርዝመቱንም እዩ። ማስታወቂያው ላይ «24 ጫማ» የተባለ ካምፐር የመጎተቻው ዘንግ ሳይቆጠር ሊሆን ስለሚችል ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ባለቤቱን ጠይቁ። ከዚያ ወደ ፓርኩ ቢሮ ደውላችሁ በሌላ ሰው የሚመጣ ኪራይ ካምፐር መግባት ይችል እንደሆነ፣ እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት መትከል ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ለካምፐሩ የምትከፍሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ በድረ ገጹ በኩል ብቻ። «በዜል ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርጋለሁ» የሚል ባለንብረት ካጋጠማችሁ ኢንሹራንሱም አብሮ እንደሚቀር ቁጠሩት። ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ አሽ የሚባለውን ዛፍ የሚጨርሰው ነፍሳት የሚዛመተው በእንጨት ነው፤ እዚያው ፓርኩ ወይም መንገድ ዳር ይሸጣል። በዳውታት ሸለቆ የስልክ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ውሉን፣ የባለቤቱን ቁጥርና ካርታውን 64ን ሳትለቁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።