ሩጫ እስከ መጨረሻው የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት ደሴ ላይ አለላችሁ (ሸዋ በር)

ደሴ ዲኤስቲቪ ቤት ሞልቷል፣ ግን ሩጫ እይበት ካላችሁ ገብቷችኋል የምለው። ሌላ ሰፈር ያለ አንድ ቤት (ስሙ ይቅር) 5000 እያየን አራት ዙር ሲቀር "ኳስ ሊጀምር ነው" ብለው ሪሞቱን ጠቅ፣ በቃ፣ ማን እንዳሸነፈ ከቴሌግራም ነው የሰማነው። አሁን የምጽፍላችሁ ሸዋ በር አካባቢ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ስላለች የቆርቆሮ ቤት ነው። በሯ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፣ የባጃጅ ልጆችን "ሩጫ የሚያሳዩበት ቤት" ብትሏቸው ያደርሷችኋል።

መጀመሪያ መጥፎውን ልናገር። ጠባብ ናት፣ መቀመጫው አግዳሚ እንጨት ስለሆነ ወገብ ይጨርሳል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ከጀመረ ኮሜንታተሩ ምን እንደሚል አይሰማም። ሽንት ቤቱን አትጠይቁኝ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አለ ግን እስኪነሳ ድረስ ሁለት ዙር ሊያልፋችሁ ይችላል። መግቢያ 20 ብር፣ ሻይ ለብቻ ነው፣ አምባሻው ግን ወላሂ ሸጋ ነው ትኩሱ ሲደርሳችሁ።

ሯጭ ልጆች በነፃ ነው የሚገቡት፣ ቤቷን ቤት ያደረጋትም ይሄ ነው። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በር ላይ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ጫማ ያያሉ። ሶሉ አልቆ ጎኑ በወፍራም ክር የተሰፋ የሩጫ ጫማ ያደረገ ልጅ ሲመጣ "ግባ ልጄ"፣ ጽድት ያለ ስኒከር ያደረገው "እኔም እኮ ሯጭ ነኝ ጋሼ" ሲላቸው ቀና ብለውም አያዩት፣ "አንተ ክፈል" ሃሃሃ። እናም ፊተኛው አግዳሚ ሁሌ ጠዋት ገራዶና ቦሩ ሜዳ ሲሮጡ ባረፈዱ ልጆች የተያዘ ነው። እዛ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አትሞክሩ፣ ከኋላቸው ተቀመጡና ወሬያቸውን ስሙ፣ ለኔ ሀያ ብሩን የሚያወጣው እሱ ነው።

ለምን በሉኝ፣ እነዚህ ልጆች እኛ ስማቸውን ገና ያልሰማናቸውን ወጣቶች ቀድመው ያውቃሉ። መስከረም ላይ የቶኪዮው (2025፣ በፈረንጆቹ) የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች 3000 መሰናክል ፍጻሜ በኛ ከሰዓት ላይ ነበር፣ ቤቱ ሞልቷል ግን ሰው ፊቱን አጨልሟል፣ በዚያ ሻምፒዮና ወርቅ የሚባል ነገር አላየንማ። የኛዋ ሲምቦ አለማየሁ ስትታይ ከኋላ አንዱ "ይቺ ደግሞ ማናት" አለ። ከፊት ያለችው ቀጭን ልጅ ዞር ሳትል ጀመረችለት፣ ካሊ 2022 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሁለተኛ፣ ያኔ የቀደመቻት ኬንያዊቷ ፌይዝ ቼሮቲች ነች፣ ያቻትና ከፊቷ፣ ሊማ 2024 በዚያው ሻምፒዮና ላይ ደግሞ ወርቅ። ሰውየው ዝም። ከዛ ሩጫው 28 ጊዜ እንጨት መዝለል፣ 7 ጊዜ ውሃ መሻገር ነው፣ ፊተኛው አግዳሚ በእያንዳንዱ ውሃ ላይ አብሮ ነው እግሩን የሚያነሳው፣ የመጨረሻውን ውሃ ስትሻገርማ አንዱ የኔን ሻይ ደፋው (ጋሼ ሌላ አስቀዱልኝ፣ በነፃ)። 8:58.86፣ ነሐስ። ቼሮቲች ወርቁን ወሰደች፣ ግን እዛ ቤት የነበረው ጩኸት የወርቅ ነበር።

ውድድር በሌለበት እሁድ ደግሞ ጋሼ ፍላሽ ላይ ያስጫኗቸውን ይከፍታሉ። ብራስልስ 2018 (በፈረንጆቹ)፣ ሰለሞን ባረጋ 5000ን በ12:43.02 የጨረሰባት፣ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ክብረ ወሰን፣ ሐጎስ ገብረሕይወትንና ዮሚፍ ቀጀልቻን ከኋላው አስከትሎ። ከዛ ለንደን 2023፣ መዲና ኢሳ በሴቶች 5000 14:16.54፣ ይሄም የወጣቶች ክብረ ወሰን ነበር፣ እዛ ውድድር ላይ እነ ጉዳፍ ፀጋይና ሲፋን ሀሰን ስለነበሩ አራተኛ ነው የወጣችው፣ ካሜራውም ብዙ አያያትም። ልጆቹ ግን የሚፈልጉት እሷን ነው። አንዱ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ ዙሩን ይቆጥራል፣ "68፣ 69፣ 68" ይላል፣ የሰለሞን ሲሆን "61" ይልና ዝም ይላል፣ ምክንያቱም እሱ ደሴ ላይ በ2,500 ሜትር ከፍታ፣ ትራክ በሌለበት ሜዳ አንዷን ዙር በ61 ሰከንድ ለመሮጥ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። እኛ ከሶፋ ላይ "ትንሽ ቢፈጥን ኖሮ" የምንለው ሰዎች ይሄን ልጅ አንዴ ብናየው ጥሩ ነው።

ጭቅጭቅም አለ፣ አትጠራጠሩ። የዕድሜ ነገር ከተነሳ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። "ይሄ ልጅ 19 ነው ትለኛለህ?" የሚል አይጠፋም፣ ፊተኞቹ ደግሞ ሕጉን ነው የሚነግሩት፣ ሊማ ላይ በፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ የተወለደ ብቻ ነው የሚሮጠው ብለው። ሐሜቱ መሠረት የለውም አልልም፣ ግን ፓስፖርቱን ላላየነው ሰው ስም ማጥፋት ይደብራል፣ ጋሼም አይወዱትም፣ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል።

ኳስ ለማየት ከሆነ አትምጡ፣ አርሰናል ቢጫወትም 10,000 ካለ 25ቱ ዙር ሳያልቅ አይቀየርም፣ ተጣልተው የወጡ አሉ። ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷ የተቀነሰችው ለአግዳሚው ነው።

በመጪው ሐምሌ መጨረሻ የ2026ቱ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና ዩጂን (አሜሪካ) ላይ ነው፣ ከኛ በ10 ሰዓት ወደኋላ ስለሆኑ የማታው ፍጻሜ እኛ ጋ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚሆነው። ጋሼን ይከፍታሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሊንኩን ልጆቹ ካገኙልኝ እከፍታለሁ፣ ግን ጎረቤት ስለሚተኛ መጮህ የለም" አሉኝ። እሱ እንኳን የሚሆን አይመስለኝም። የምትመጡ ጋቢ ያዙ፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ።