ቻይንኛ ወይስ ጃፓንኛ? ትንሽ ኮሌጅ ለሚገባ ተማሪ

በትንሽ ኮሌጅ የምሥራቅ እስያ ቋንቋና ባህል ልትማሩ ካሰባችሁ፣ ብዙ ጊዜ ምርጫው ቻይንኛ ወይም ጃፓንኛ ነው። ሁለቱም ጊዜ ይበላሉ። የአሜሪካ ዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ ለእያንዳንዳቸው 2,200 የክፍል ሰዓት ገደማ ይመድባል።

ቻይንኛ የሚያስጨንቀው ገና ከጅምሩ ነው። ማንዳሪን፣ ማለትም መደበኛው ቻይንኛ፣ አራት ዋና ዋና ቃናዎች አሉት፤ ቃናው ከተሳተ ቃሉም ሌላ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ክፍል ትልቅ ዕድል ነው። መምህሩ የእያንዳንዱን ተማሪ ድምፅ ይሰማል፣ እዚያው ያርማል። መቶ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ይህ አይታሰብም። ሰዋስውስ? ግሱ በጊዜም በባለቤትም አይለዋወጥም፤ እውነተኛ እፎይታ ነው።

ጃፓንኛ ግን ሲጀምሩት ገር ነው። አነባበቡ ብዙ አያስቸግርም፤ ሂራጋናና ካታካና የተባሉት ሁለቱ የድምፅ ፊደሎቹ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳሉ። ፈተናው ኋላ ይመጣል፦ 2,136 መደበኛ ካንጂዎች (ከቻይንኛ የተወሰዱ የጽሕፈት ምልክቶች)፣ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ንባብ ያላቸው፣ በዚያ ላይ የአክብሮት አነጋገሩ። ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ የከፍተኛ ደረጃ ኮርስ በየሴሚስተሩ ላይከፍት ይችላል። ስለዚህ ጃፓን ሄዶ የመማር ዕድል መኖሩን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ።

ታሪክና ጥንታዊ ጽሑፍ ለሚወድ ሰው እኔ ቻይንኛን እመርጥለታለሁ። የጃፓንም የኮሪያም ምሁራን ለዘመናት በጥንታዊ ቻይንኛ ጽፈዋልና የሦስቱንም አገሮች ሰነዶች ለማንበብ መሠረት ይሆነዋል። ልቡ ጃፓን ላይ ያለ ተማሪ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ በጃፓንኛ ይጀምር።